የአባቴ ሰንጢ ሦስተኛ እጀታ

ከፊራ ገበያ፣ ከቅስቱ ጥላ ሥር፣
ሽንኩርት ከሚሸጡት ከሴቶች ጀርባ ዳር፣
አው ዘከሪያ አሉ፣ ሞረድ በጭናቸው፣
በሞቱ ሰንጢዎች ተሞልቶ ሣጥናቸው።

ሰንጢውን አወጣሁ፣ የአባቴን፣ ከጨርቁ፤
ስንጥቁን በጥፍር ነካ አርገው ሳቁ።
ሎሚ የከፈለበት፣ ጥፍር የቆረጠበት፣
ሲሚንቶ ፋብሪካ ቀን ሙሉ የዋለበት።
«ስንተኛው ነው ይሄ?»
«ሁለተኛው፣ መሰለኝ።»
«ሦስተኛውን እንግዲህ ከምን ልሥራ? ንገረኝ።»
«የማያልቅ» አልኳቸው፣ «የማይሰነጠቅ፣
ልጄ ቢወርሰውም የማይላቀቅ።»

«የማያልቅ?» አሉና መነጽር አወለቁ፣
ሣጥኑን ከድንጋዩ አናት ላይ ዘቀዘቁ።

«ይሄ ወይራ ነበር። የሐረር ልጅ ይዞት
እዚያ በብርዱ አገር አሥር ዓመት ኖረለት።
ደንገጎን ወረደ፣ ድሬ ሥራ አገኘ፤
ሙቀቱ ለእንጨቱ ክፉ ሆኖ ተገኘ።
እንጨት ይጮኻል፣ አቦ፣ አትሳቅ፣ ይጮኻል፤
ሌሊት፣ ከሱሪ ኪስ፣ ቋ! ብሎ ይሰነጠቃል።

«ይሄኛው አጥንት ነው፤ የግመል፤ ነጭ፣ እንደ ጨው፤
ሲሚንቶ ላይ አንዴ ከእጅ ቢያመልጠው፣
በቃ፣ ሸክላ ነው።

«ነሐሱ? አይሞትም። ግን ጌታውን ይበላል፤
መዳፍ አረንጓዴ፣ ኪስ ወንፊት ያደርጋል።
የአወዳይ ጫት ቆራጭ፣ ከወር በኋላ መጥቶ፣
‹ውሰድልኝ› አለኝ፣
በአንድ እጁ ሱሪውን ከወገቡ አንስቶ።

«አሉሚኒየሙን ከፉርጎ በር ቆረጥኩት፣
ምድር ባቡር ሳለሁ፣ ሹሙ ሳያይ ሠራሁት።
ቀላል ነው፣ አይነቅዝም፤ ግን ሰኔ፣ ፀሐይ ላይ
ረስተኸው ብትጨብጥ ከከሰል አይለይ።»

ቀንዱን ሲያነሱት ግን ድምፃቸው ቀነሰ፤
አውራ ጣታቸውም ጎኑን ደባበሰ።
«የሰው እጅ ይሞቀዋል፤ ላብ ሲጠጣ ያምራል።
ግን ብል ይወደዋል።
ቁም ሣጥን ረስተኸው ክረምት ቢያልፍበት፣
ዱቄት ትጠርጋለህ፣ ስለት ያለበት።»

አንዲት ቀረች።
ቀይ ፕላስቲክ፣ የሱቅ፣ የርካሽ ርካሽ።
ቶሎ አላነሷትም።

«ይቺን ደቻቱ አመጣት።
ጎርፉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን አሸዋ ስንዝቅ
አገኘኋት፣ ከአንድ እግር ሸበጥ ጋር።
ስለቷን ዝገት ጨርሶታል፤ ይኸው፣ ጉቶ።
እጀታዋን ግን እይ፤ ቀለሟ እንኳ አልደበዘዘ።
ገንደ ቆሬም፣ አፈተ ኢሳም ይዣት ዞርኩ፤
‹የኔ ናት› ያለ የለም፣
‹የእገሌ ነበረች› ያለም የለም።
የማያልቅ ያልከኝ፣ ልጄ፣ ይሄ ነው።
ከዚህ የሚበልጥ የለኝም።»

ሴቶቹ በሚዛን ይጨቃጨቃሉ፤
አንድ ባጃጅ መንገድ ተዘግቶበት ጥሩምባ ይነፋል።
ቀይዋን አየኋት፤ አልነካኋትም።
«ቀንዱን» አልኩ።
«ብሉስ?»
«ይብላው።»

ቀንዱን ሲበሱት ሽታው አፍንጫ መጣ፣
የፀጉር ቃጠሎ፤ እንጨቱም በአንድ ምት ወጣ።
ምስማሯ ብቻ ናት እንቢ አልወጣም ያለች፣
የመዳብ፣ የቀጠነች፣ ስለቱን ያቀፈች።
ወደ ብርሃን አስጠግተው ብዙ አዩዋት።
«ይቺ የፊተኛዋ ናት።
ሁለተኛውን የሠራው ሰው፣ ማንም ይሁን፣
አላህ ይዘንለት፣ ሳይነካት ተዋት።
ሰው ሁሉ ስለ እጀታ ይጠይቀኛል፤
ስለሷ የጠየቀኝ የለም» አሉና
እሳቸውም ተዉአት።

መቶ ስልሳ ብር ሰጠሁ።
ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ቀጭ።
እሳቸው ሙታኑን ወደ ሣጥን መለሱ፤
ወይራውን፣ አጥንቱን፣ ነሐሱን፤
ቀይዋን መጨረሻ፣
ከላይ፣
ፊቷን ወደ መንገዱ አድርገው።